«የፓስተሩ መኪና ዕጣን ታጥናለች!»



የሰፈራችን ልጆች ለመኪናችን ቅጽል ስም አውጥተውላት ነበር። አዳማ ውስጥ በምንኖርበት ኮረኮንች መንገድ ባለቤቴ ጠዋት ሞተር ሲያስነሣ ከኋላዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ አጥር አልፎ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ልጆቹ ታዲያ ከኋላ እየሮጡ «የፓስተሩ መኪና ዕጣን ታጥናለች!» ይላሉ። እኛ ጴንጤዎቹ ዕጣን እንደማናጨስ ስለሚያውቁ ቀልዱ ለእነሱ እጥፍ ነው። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሳቄ የቆመው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ባለቤቴ ቢሾፍቱ ላይ ጋብቻ ሊባርክ ተጠርቶ ነበር። በማለዳ ተነሥተን በነባሩ መንገድ ሞጆን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጣ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለተሳፋሪ ሜዳ ይመስለዋል እንጂ በጠቅላላው 600 ሜትር ያህል የሚያስወጣ ዳገት ነው፤ ያረጀ ሞተር ይህን አይስተውም። «እንቁም» አልኩት። «ትንሽ ነው የቀረን፣ ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቁናል» አለኝ። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ተንተከተከ፤ ከዚያ ጸጥ አለች። በሚኒባስ ተሳፍረን አርባ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። ባለቤቴ ነጭ ሸሚዙ እጅጌ ላይ ጥቁር ዘይት እንዳለ ስለ ቅዱስ ጋብቻ ሰበከ። የሙሽራዋ እናት ያዩኝ አስተያየት እስከ አሁን ከፊቴ አልጠፋም። መኪናችንም በአይሱዙ እየተጎተተች ወደ አዳማ ተመለሰች።

መኪናችን አብዛኞቻችሁ «ዲኤክስ» ብላችሁ የምታውቋት የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች፣ ፎር ኬ የሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት፣ ከእኛ በፊት አራት ባለቤቶች የተቀባበሏት ናት። (ከባለቤቴ የምታንሰው በአምስት ዓመት ብቻ ነው።) ለአሥራ ስድስት ዓመት አብራን ኖራለች። ሦስቱንም ልጆቼን ከሆስፒታል ይዛ የመጣች እሷ ናት። የመዘምራኑ ኪቦርድ፣ የለቅሶ ቤት ወንበር፣ ምጥ የያዛት እህት፣ ሁሉም በእሷ ተመላልሷል።

ሰኞ ዕለት የእሑድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ላወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ገባሁ። ከተደረደሩት ወንበሮች ኋላ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ የሞተር ዘይት ፕላስቲክ አገኘሁ። ሁሉም ባለ አንድ ሊትር ናቸው። ለምን እንደ ሆነ ባላውቅም ወለሉ ላይ ዘርግፌ ቈጠርኳቸው። ሃምሳ ሦስት ነበሩ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠየቅሁት። ብዙ ሳያስቸግረኝ ተናገረ። ሞተሩ ዘይት መብላት ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። መጀመሪያ በወር አንድ ሊትር፣ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ መጨረሻ ላይ በየሳምንቱ ይጨምርላታል። ከትራንስፖርት አበሉ ይገዛል፤ አበሉ ሲያልቅ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ዱቤው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ደርሷል። ሃምሳ ሦስቱን ሊትር በየጊዜው ዋጋው ስናሰላው ሃያ አምስት ሺህ ብር ገደማ ሆነ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው፤ ደግሞስ ብነግርሽ ከየት እናመጣለን?» አለኝ።

ተቆጣሁ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ በጣም ተቆጣሁ። ግን ቁጣዬ እኩለ ሌሊት እንኳ አልደረሰም፤ ምክንያቱም እኔም የደበቅሁት ነገር ነበረኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ለሁለት ዓመት የጣልኩት ዕቁብ በኅዳር ወር ሊደርሰኝ ነው፤ አርባ ሺህ ብር። ባለቤቴ ስለ ዕቁቡ አንዲት ቃል አያውቅም። ለምን ደበቅሁ? የአገልጋይ ቤት ውስጥ ብር ከታየ አያድርም። አንድ ወንጌላዊ የታመመ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ አንዲት እህት የቤት ኪራይ ይጎድልባታል፤ ባለቤቴ ደግሞ እጁን መሰብሰብ አያውቅም። እኔ ለልጆቼ ትምህርት ነው ያስቀመጥሁት። ምክንያቴ ደኅና ምክንያት ነበር። የእሱም ምክንያት ደኅና ምክንያት ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ሐናንያና ሰጲራ ስለ መሬታቸው ዋጋ የዋሹት ተማክረው እንደ ሆነ እናነባለን። ኃጢአታቸው ከባድ ነው፤ ቢያንስ ግን ባልና ሚስቱ ተነጋግረው ነበር! እኛ በየፊናችን ነው የደበቅነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ተንበርክከን ጸለይን፤ ሲነጋም ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣን።

ጭሱ ምን ይል ነበር?

ወደ ሞተሩ ልመለስ። መካኒካችን የቤተ ክርስቲያናችን አባል አይደለም፤ ትዕግሥተኛና እውነተኛ ሰው ግን ነው። ሰው የማያስተውለውን ነገር ያስረዳኝ እሱ ነው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ካርቡራቶር ወይም የአየር ፊልትሮ ይታያል፤ ብዙም አያስደነግጥም። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ ነው ይላል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው ማለት ነው። የእኛዋ ለዓመት ከመንፈቅ ሰማያዊ ስታጨስ ኖራ ከቢሾፍቱ መልስ ነጩን ጨመረችበት።

መካኒኩ አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው መለኪያ እየገጠመ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካ። አንደኛው 125፣ ሁለተኛው 120፣ ሦስተኛው 75፣ አራተኛው 85 አነበቡ። «ፓስተር፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል፤ ግን እሱ ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። እኛ ደጋ ላይ ስለ ሆንን አየሩ ይሳሳል፣ ቁጥሩም ይቀንሳል። አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው ማየት» አለው። ከዚያ በሦስተኛው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ድጋሚ ለካ፤ ቁጥሩ ወደ 110 ዘለለ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖታልና ያለቀው የፒስተኑ ፋሻ ነው። በአራተኛው እንዲሁ ቢያደርግ ምንም ለውጥ የለም፤ እዚያ ችግሩ ከፋሻ ሌላ ነው፣ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል አለ። ይህ ፈተሻ ሩብ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው። ባለቤቴ ከዓመት በፊት አስደርጎት ቢሆን ኖሮ ፋሻና ቫልቭ ብቻ ቀይረን እናመልጥ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው ያለውን ሞተር አውርዶ ማደስ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት ገብተው በግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋሉ፣ በዚያው ልክ ትልቅ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻና ብሮንዚን ይገባል። መካኒኩ ከነእጅ ዋጋው ሰባ ስምንት ሺህ ብር ገመተ። ሁለተኛው ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መቀየር ነው፤ በስልክ ስንጠይቅ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አሉን። ሦስተኛው እሷን ሸጦ ሌላ መኪና መግዛት ነው፤ ይህንን ያነሣው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ እኛ ግን ወረቀቱ ላይም አልጻፍነውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ካረጁ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ የመለዋወጫውም የመኪናውም ዋጋ ተያይዞ ወጣ። የአገልጋይ ደመወዝ የሚደርስበት ነገር አይደለም። የባለቤቴ ደመወዝ በወር አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ እኔ ከመዋዕለ ሕፃናት የማገኘው ከዚያ ግማሽ አይሞላም።

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ ወንጌል 14፡28 ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት ይናገራል። ክፍሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ እንጂ ስለ መኪና ሞተር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ክፍሉን ያለ ቦታው የሚጠቅስ ተማሪ ውጤቱ ይቀነስበት ነበር። ግን በዚያው ክፍል ላይ ለስሌቱ የገባው የግሪክኛ ቃል ሥሩ ጠጠር ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች ጠጠር እየደረደሩ ይቈጥሩ ነበርና። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ጠጠራችንን ደረደርን። የእኔ ዕቁብ አርባ ሺህ፣ እሱ በባንክ ያለችው አሥራ አንድ ሺህ፣ ድምሩ ሃምሳ አንድ ሺህ። የልጆቹ የሁለተኛ መንፈቅ ክፍያ ለብቻው ሃያ አራት ሺህ ተቀምጧል፤ እሱን ላንነካ ተስማማን። ዱቤውን ከደመወዙ በየወሩ ሊከፍል ወሰነ። ማደሱን መረጥን። የጎደለውን ጌታ ያውቃል አልን።

እዚህ ላይ ትልቅ ስሕተት ሠራን። ዋጋው ይጨምራል ብለን ስለ ፈራን ዕቁቡ በደረሰኝ ሳምንት ፒስተኖቹን፣ ፋሻውንና ብሮንዚኑን በአሥራ ስምንት ሺህ ብር ቀድመን ገዛን። ሞተሩ ወርዶ ተበትኖ ቶርኖ ቤት ሲገባ ሠራተኛው ገና ማስፋት ሳይጀምር በውሃ ግፊት ፈተሸው። ከአራተኛው ሲሊንደር ግድግዳ እስከ ውሃው መተላለፊያ ድረስ ተሰንጥቋል። አራተኛው ሲሊንደር በዘይት ጠብታ አልሻሻል ያለው ለካ ለዚህ ነበር። ካሚቻ ማስገባት ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅን፤ ስንጥቁ ወደ ታች ስለ ወረደ አያስተማምንም፣ ብረቱ ደግሞ ብየዳ አይወድም አሉን።

የሰነጠቀው በዚያ ቅዳሜ ነው። «ትንሽ ነው የቀረን» ባልንባቸው አምስት ኪሎ ሜትሮች።

ፒስተኖቹን የሸጠልን ሰው አልመልስም አለ፤ በተለየ ልክ የተሠሩ ስለ ሆኑ ለሌላ ሞተርም አይገቡም። ሞተር ልታሳድሱ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ተፈትቶ ይፈተሽ፣ ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። አራቱ ፒስተኖች ዛሬም ቁም ሣጥናችን ላይ ናቸው፤ ትንሹ ልጄ የእርሳስ ማስቀመጫ አድርጓቸዋል።

መርካቶ ደርሰን መጣን

አሁን የቀረን ሙሉ ሞተር መግዛት ነው። ኪሳችን ውስጥ ሠላሳ ሦስት ሺህ ብር አለ። መካኒኩን ይዘን በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሶማሌ ተራን የማያውቅ ሰው ካለ፣ የመኪና አካል ከፍሬቻ እስከ ካምቢዮ ተነጣጥሎ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ግርግሩ ለብቻው ስብከት ይወጣዋል፤ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

መካኒኩ ሞተር የሚያይበት መንገድ አስገርሞኛል። የታጠበና ቀለም የተቀባውን አያምንም፤ ቆሻሻው ታሪክ ይናገራል ይላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን በጣቱ ይዳብሳል፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የረጋ ከሆነ ዘይት በወቅቱ አልተቀየረለትም፤ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውሃ ገብቶበታል። ካንዴላ ያስፈታል፤ በዘይት የረጠበ ከሆነ ያልፈዋል። ከፊት ያለውን ፑሊ በቁልፍ ይዞ በእጁ ያዞራል፤ አንድ ቦታ ላይ ቢይዝበት «እንሂድ» ይላል። በዚህ ሁኔታ ከአምስት ሞተር አራቱን አለፈ።

አምስተኛው ደኅና ነበር። ዋጋውም ሰባ ሺህ ብር ብቻ። ደስ ብሎን ሳናበቃ መካኒኩ ባለቤቴን በክንዱ ሳብ አድርጎ የሞተሩን ቁጥር አሳየው። ቁጥሩ በሞላ ብረት ተፍቋል። እንደምታውቁት የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሞተር የቀየረ ሰው ይህን ማስመዝገብ አለበት። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር የማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። ሻጩ «ወረቀቱን እኛ እናስጨርሳለን፣ እናንተ አትድከሙ» አለ።

ባለቤቴ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝ። ከቅዳሜው ጀምሮ ለቀብርና ለጥየቃ በእግሩና በባጃጅ ሲንከራተት አይቻለሁ፤ ሰባ ሺህ ብር ደግሞ ከመቶ ሃምሳ ሺህ ምን ያህል እንደሚያንስ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ያን ጊዜ «ተወው» ማለት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር «ግዛው» እንዳይለኝም፣ «ተወው» እንዳይለኝም ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ለሻጩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ወደ አዳማ ስንመለስ ዱከም እስክንደርስ ማንም አልተናገረም። ዱከም ላይ «ልገዛው ነበር እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ድሮ ቢሆን ይህን አልነግርሽም ነበር» አለኝ። እኔ ያን ቀን ሞተር ይዘን ባንመለስም ባዶ እጃችንን አልተመለስንም ብዬ አምናለሁ።

ሞተሩ የተገኘው ከቤታችን ቅርብ ነው። ሞጆ ከተማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዲኤክሳቸው በጎን ተገጭታባቸው አካሏ አልጠገን ብሎ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። የነገረን የቶርኖ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ስንደርስ መምህሩ ባትሪ አስገጥመው ሞተሩን አስነሡልን። ከመርካቶው ጋር ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፤ ሲሠራ እየሰማነው ነው የምንገዛው። መካኒኩ ለሃያ ደቂቃ እንዲሞቅ አድርጎ የጭሱን ቀለም አየ፣ ግፊቱን ለካ፤ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ሊብሬ አለ፣ ስም አለ፣ የሽያጭ ውል በምስክር ፊት ይፈረማል። ዋጋው ዘጠና አምስት ሺህ ብር።

ማውጫና መግጠሚያው አሥራ ሁለት ሺህ፤ ሞተሩ ከወረደ አይቀር ያለቀውን የፍሪሲዮን ሸራ መቀየር፣ ራዲያተሩን ማሳጠብ፣ ዘይትና ኩላንት ሲጨመር ስምንት ሺህ። ድምር መቶ አሥራ አምስት ሺህ ብር። የጎደለን ሰማንያ ሁለት ሺህ ነው።

እማማ እና ሦስት መቶ ብር

ይህን ክፍል ልጽፈው አልወደድኩም ነበር፤ ባለቤቴ ነው ካልጻፍሽው ጽሑፉ ውሸት ይሆናል ያለኝ።

ሽማግሌዎች ነገሩን ሲሰሙ እሑድ ልዩ መባ እንሰብስብ አሉ። እኔ አልፈለግሁም። የምእመናኑን ኑሮ አውቃለሁ፤ በቀን አንዴ የሚበሉ አሉ። ከእነሱ እጅ ለመኪና መቀበል ነውር መሰለኝ። ነገር ግን ልቤን ስመረምረው የከለከለኝ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። የፓስተር ሚስት ሆኜ ሲሰበሰብልኝ መታየት አሳፈረኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት እማማ በራችን ላይ መጡ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሻይ ቅጠልና ሽንኩርት በመደብ ሸጠው የሚያድሩ እናት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊት ልባቸውን ሲያማቸው ባለቤቴ በዲኤክሷ ሆስፒታል አድርሷቸዋል። ከመቀነታቸው ሦስት መቶ ብር ፈትተው ሰጡኝ። «እማማ፣ እርስዎ ያስፈልግዎታል፣ እንዴት አድርጌ» ብዬ እጃቸውን መለስኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ለአንቺ መች ሰጠሁሽ ልጄ?» አሉኝ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ቆሮንቶስ ሁለተኛ ምዕራፍ 8 ላይ ያሉትን የመቄዶንያ ምእመናን በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ድሆች ሆነው ሳለ መስጠትን እንደ ጸጋ የለመኑ ናቸው። እማማ ሲመጡብኝ ግን በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ማግሥቱን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የዘይት ፊልትሮው የተገዛው በእሳቸው ብር ነው።

ለሽማግሌዎች ግን ልዩ መባው ይቅር አልናቸው፤ በምትኩ ሌላ ነገር ጠየቅን። ባለቤቴ መኪናዋ በወር ውስጥ ለአገልግሎት የምትሄደውንና ለቤታችን የምትሄደውን ለይቶ ጽፎ አቀረበላቸው። ከግማሽ በላይ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹም ተነጋግረው ከአገልግሎት በጀቱ አርባ አምስት ሺህ ብር በቃለ ጉባኤ አጸደቁ። ይህ ልመና አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ወጪ ከፈለች። እኔ በግሌ ሌሎችም ጉባኤዎች የአገልጋያቸውን መኪና በዚህ መንገድ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ አገልጋይ በራሱ ቤንዚንና በራሱ ጎማ ሲያገለግል ኖሮ መኪናው ሲሞት በመባ ከሚለቀስለት ይሻላል። ቀሪውን ሃያ አምስት ሺህ የባለቤቴ ወንድም በጽሑፍ ውል፣ በአሥር ወር የሚከፈል አበደረን። ወንድም ስለ ሆነ ወረቀት አያስፈልግም ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ወረቀት ይኑር ያልኩት፤ ወንድማማች የሚጣላው ወረቀት በሌለበት ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ደግሞ ቴሌቪዥናችንን ሸጥን። ልጆቹ ለሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ዳማ መጫወት ጀመሩ።

ሞተሩ በጥር ወር መጀመሪያ ተገጠመ። አሮጌው ሞተር በጭነት መኪና ሄዶ ለብረታ ብረት ተሸጠ። ቁጥሩን ሊብሬው ላይ ለማስቀየር ባለቤቴ ውሉንና የመምህሩን ሊብሬ ይዞ ሁለት ቀን ተመላለሰ፤ ያ ወረቀት ባይኖረን ምን እናደርግ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን። መካኒኩ ለመጀመሪያው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዳንጭንባት፣ በዳገት እንዳናስጨንቃት፣ ዘይቱንም በአምስት መቶው ኪሎ ሜትር እንድንቀይር አዘዘን። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ እንዳናስገባ በብርቱ አስጠነቀቀን፤ የድሮውን ሞተር በሙቀት የገደለው አንዱ ነገር የራዲያተሩ መተላለፊያ በዝገትና በደለል መደፈኑ ነው። እኛ ደግሞ ለዓመታት ከቧንቧ በጄሪካን ስንሞላ ነበር።

መኪናዋ ውስጥ፣ ከፊት ባለው ኪስ፣ አንዲት ትንሽ ደብተር አስቀምጠናል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ዘይት፣ ውሃ፣ የወጣ ብር ይጻፍባታል። እሱም ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ። የዕቁቤም ገጽ እዚያው ከኋላ አለ። የሰፈር ልጆች ለጥቂት ሳምንት ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተሰብስበው ጭስ ሲጠብቁ ነበር፤ ተስፋ ቈርጠው አሁን የጎረቤታችንን ባጃጅ ይከተላሉ።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ዘይቷን አይቻታለሁ፣ ልኳ ላይ ናት» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆም ብሎ «ግን ከፊት በኩል በቀኝ ጎማ ላይ አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ» አለኝ። ደብተሩን ይዞ ገብቶ ነበር። ጻፍነው።